ለመዝናኛ የሚጫወት ሰው የቼዝ ችሎታውን ስለሚያሻሽልበት መንገድ

መግቢያ

ከራት በኋላ በተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ሁለት ሰዎች በቼዝ ሰሌዳ ፊት ለፊት ተቀምጠው፤ ሌሎች ደግሞ በላያቸው ጐንበስ ብለው ሲመለከቱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከነዚህ ተጫዋቾች ብዙዎቹ የጨዋታውን ሕግ ከተማሩ ሦስትና አራት ዓመት ያለፋቸው፤ በመቶ የሚቈጠር ጨዋታም የተጫወቱ ናቸው። ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ካገኙት ችሎታ ወዲህ ያሳዩት እድገት እጅግ ጥቂት ነው። ቀድሞ ያሸንፏቸው የነበሩትን ሰዎች ዛሬም ያሸንፋሉ፤ ቀድሞ ያሸንፏቸው በነበሩት ሰዎች ደግሞ ዛሬም ይሸነፋሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ አንዳንዶቹ «ተሰጥኦ የለኝም» ይላሉ፤ ሌሎቹ «ብዙ ስላልተጫወትሁ ነው» ይላሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም መልሶች በቂ አለመሆናቸውን ማስረዳትና ሦስተኛ መልስ ማቅረብ ነው። ይኸውም፤ ሰው በቼዝ የሚሻሻለው በተጫወተው ጨዋታ ብዛት ሳይሆን የተሸነፈበትን ምክንያት ለይቶ ባወቀውና ባረመው መጠን ነው የሚል ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥናት መጽሔት ላይ ቦታ ባልያዘም ነበር። ነገር ግን «ተሰጥኦ የለኝም» የሚለው ቃል በሰሌዳ ዙሪያ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በሒሳብም በቋንቋም ትምህርት ላይ ተማሪው ሥራውን የሚያቆምበት ምክንያት ሲሆን እናያለን። ቼዝ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚመች መስክ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ በጽሑፍ ሊመዘገብ ስለሚችል የተሸነፈው ሰው የት ላይ እንደ ሳተ በኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላልና።

ለአንባቢው እንዲመች ጥቂት ስያሜዎችን አስቀድመን እንወስናለን። ጠጠሮቹን ንጉሥ፤ ንግሥት፤ ግንብ፤ ጳጳስ፤ ፈረስና ወታደር እንላቸዋለን። ንጉሥን በቀጥታ ማጥቃት ቼክ፤ ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያበቃበት ደግሞ ማት ይባላል። የሰሌዳውን ስምንት ዓምዶች ከነጭ ተጫዋች ግራ እጅ ጀምረን ሀ፤ ለ፤ ሐ፤ መ፤ ሠ፤ ረ፤ ሰ፤ ቀ ብለን እንጠራቸዋለን፤ ስምንቱን ረድፎች ከነጭ ወገን ጀምረን ከ1 እስከ 8 እንቈጥራለን። ስለዚህ የነጭ ንጉሥ በመጀመሪያ የሚቆምበት ቤት ሠ1፤ የጥቁር ንጉሥ የሚቆምበት ሠ8 ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. የጨዋታው አመጣጥና የሀገራችን ሰንጠረዥ

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፤ አስቀድሞ የጨዋታውን ዘር መመልከት ይጠቅማል። ቼዝ ከሕንድ ወደ ፋርስ፤ ከፋርስም ወደ ዐረቦች የተሻገረ ጨዋታ ነው። ዐረቦች «ሸጥረንጅ» ይሉታል፤ የኛም «ሰንጠረዥ» የሚለው ስም ከዚሁ የመጣ ነው። ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ በቤተ መንግሥትና በመሳፍንት ቤት ለብዙ ዘመን ሲጫወቱት የኖረ ሲሆን፤ ታሪኩንና ሕጉን በሰፊው ከጻፉት መካከል ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ የታወቀ ነው።

ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ለርእሳችን የሚያስፈልጉት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው «ወረራ» የሚባለው ነው። በጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም በየፊናቸው ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ እርምጃ በተራ የሚሆነው ከመካከላቸው አንዱ የሌላውን ጠጠር ከበላ ወዲህ ነው። ስለዚህ የሰንጠረዥ ተጫዋች በመጀመሪያ የሚፈለግበት በቃል የተጠና የእርምጃ ዝርዝር ሳይሆን የተጋጣሚውን አሰላለፍ እየተመለከተ የራሱን ማስተካከል ነበር። ሁለተኛው የጠጠሮቹ ጉልበት ነው። በሰንጠረዥ በንግሥት ስፍራ የሚቆመው ፈርዝ በማእዘን በኩል አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ በጳጳስ ስፍራ የሚቆመው ፊል ደግሞ በማእዘን አንድ ቤት ዘሎ ያርፋል። በአውሮፓ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንግሥትና ጳጳስ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እንዲያቋርጡ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አደጋ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ።

ይህን ያነሣነው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ለመዝናኛ የሚጫወት ሰው ከሚሠራቸው ስሕተቶች ትልቁ ክፍል ከሩቅ የሚያነጣጥር ጠጠርን አለማየት ነው። ዐይን በተፈጥሮው ጦርነቱ ወዳለበት ማእዘን ይሳባል፤ ጳጳሱ ግን በሌላው ዳር ሆኖ ይጠብቃል። ይህ እንግዲህ ተሰጥኦ የሚጠይቅ ሳይሆን ልማድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

2. የቼዝ ችሎታ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ታላላቅ የቼዝ ተጫዋቾች ከሌላው የሚለዩት ዐሥርና ዐሥራ አምስት እርምጃ ወደ ፊት ስለሚያስቡ ነው ብሎ ያምናል። ይህን እምነት በጥንቃቄ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ የኔዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ አድሪያን ደ ግሮት ነው፤ እርሱ ራሱም ጥሩ ተጫዋች ነበር። በ1946 በታተመው የዶክትሬት ጥናቱ ለልዩ ልዩ ደረጃ ተጫዋቾች አንድ አሰላለፍ እያቀረበ የሚያስቡትን ሁሉ ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ ያደርግ ነበር። ከተጠያቂዎቹ መካከል እንደ አሌኪን፤ ኧቨና ኬሬስ ያሉ የዓለም ታላላቆች ነበሩ። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። ታላላቆቹ ወደ ፊት የሚያስቡት ርቀት ከመካከለኞቹ እጅግ የበለጠ አልነበረም፤ ልዩነቱ ገና ከመጀመሪያው ሊታሰብበት የሚገባውን እርምጃ መለየታቸው ላይ ነበር።

ደ ግሮት አንድ አሰላለፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ አሳይቶ ከሰወረ በኋላ ተጫዋቾቹ በባዶ ሰሌዳ ላይ መልሰው እንዲደረድሩትም ጠይቋል፤ ታላላቆቹ ጥቂት ብቻ ሳይሳሳቱ ይደረድሩት ነበር። በ1973 ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን በአሜሪካ ይህንኑ ሙከራ አስፋፍተው አቀረቡ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለአምስት ሴኮንድ ሲታይ ሊቁ 16 ያህል ጠጠሮችን፤ መካከለኛው 8 ያህሉን፤ ጀማሪው 4 ያህሉን በትክክለኛ ቤታቸው መለሱ። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ተበታትነው ሲቀመጡ ግን የሊቁ ብልጫ ጠፋ፤ ሦስቱም ጥቂት ጠጠሮችን ብቻ አስታወሱ። በ1996 ፈርናንድ ጎቤና ሳይመን ልዩ ልዩ ሙከራዎችን አሰባስበው ሲመረምሩ ሊቁ በተበታተነውም አሰላለፍ ትንሽ ብልጫ እንዳለው አሳይተዋል፤ ሆኖም ዋናው ሐሳብ አልፈረሰም።

ሐሳቡ ይህ ነው። ሊቁ ያለው የተለየ የማስታወስ ኀይል ሳይሆን በብዙ ዓመት ሥራ ያከማቸው የአሰላለፍ ዕውቀት ነው። ይህን ለመረዳት ከራሳችን ትምህርት ምሳሌ መውሰድ እንችላለን። በየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የሚቈጥር ሕፃን «ተማሪ» የሚለውን ቃል ሦስት የተለያዩ ምልክቶች አድርጎ በጣቱ እየነካ ያነበዋል። ያደገው ሰው ግን ቃሉን በአንድ አፍታ ያየዋል፤ ትርጕሙም አብሮ ይመጣለታል። ሁለቱን የሚለያቸው የዐይን ብርታት አይደለም። በቼዝም እንዲሁ ነው፤ ጀማሪው ፊደል ይቈጥራል፤ ሊቁ ያነባል።

ታዲያ ይህ ንባብ የሚገኘው ብዙ በመጫወት ነውን? ኒል ቻርነስና ባልደረቦቹ በ2005 ባወጡት ጥናት ተጫዋቾች ጊዜያቸውን በምን እንዳሳለፉ ጠይቀው ከደረጃቸው ጋር አመዛዝነዋል። ከችሎታ ጋር ከሁሉ ይልቅ የተያያዘው ብቻን ሆኖ በጽሞና ማጥናት ሆኖ ተገኘ፤ በውድድር መጫወት በሁለተኛ ደረጃ የሚቈጠር ነበር። ከፍተኛውን ማዕርግ ያገኙት ተጫዋቾች በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ብቻቸውን ለማጥናት ወደ 5,000 ሰዓት ያህል እንዳዋሉ ተናግረዋል፤ ይህም መካከለኞቹ ካዋሉት አምስት እጥፍ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ተሰጥኦ የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም ማለት እውነትን መሸፈን ይሆናል። ጎቤና ጊዬርሞ ካምፒቴሊ በ2007 በአርጀንቲና ተጫዋቾች ላይ ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው የሊቅነት ደረጃ ላይ ለመድረስ በአማካይ 11,000 ሰዓት ያህል ያስፈልግ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ በ3,000 ሰዓት ያህል ሲደርስ ሌላው ከ23,000 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ሰው ሁሉ እኩል አይሄድም። ይሁንና ይህ ልዩነት የሚታየው በሊቅነት በር ላይ ነው። ለመዝናኛ የሚጫወተው ተማሪ ከዚያ በር እጅግ ርቆ የቆመ ስለ ሆነ እርሱን የያዘው ተሰጥኦ ማጣት ነው ለማለት ገና ጊዜው አይደለም።

3. የተለመደው ሽንፈት ከየት ይመጣል?

ጀማሪዎች በአብዛኛው የሚሸነፉት በረቀቀ ዘዴ አይደለም። አንድ የታወቀ ምሳሌ እንመልከት። ነጭ ወታደሩን ወደ ሠ4፤ ጥቁርም ወደ ሠ5 ያንቀሳቅሳሉ። ነጭ ንግሥቱን ወደ ቀ5 ያወጣል፤ ጥቁር ወታደሩን ለመጠበቅ ፈረሱን በሐ6 ያቆማል። ነጭ ጳጳሱን በሐ4 ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ጥቁር የነጭን ንግሥት የሚያጠቃበት መንገድ ስላየ ደስ ብሎት ሁለተኛውን ፈረስ ወደ ረ6 ያወጣል፤ ነጭም በንግሥቱ የረ7ን ወታደር በልቶ ማት ያደርጋል። ጨዋታው በአራት እርምጃ አለቀ።

ጥቁር ያጠፋው ምንድን ነው? መክፈቻ አለማወቁ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ጥቁር ጳጳሱ በሐ4 ሲቆም «ይህ ጠጠር ወደዚህ የመጣው ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ጳጳሱና ንግሥቱ ሁለቱም ወደ ረ7 እንደሚያነጣጥሩ ያይ ነበር። ወታደሩን ወደ ሰ6 ቢያንቀሳቅስ ንግሥቱን አባርሮ መንገዷን ይዘጋ ነበር። ንግሥቲቱ ወደ ረ3 ተመልሳ እንደ ገና ረ7ን ብታስፈራራ፤ ፈረሱን አሁን ወደ ረ6 ማውጣት ተገቢ መልስ ይሆናል። እንግዲህ ያው የፈረስ እርምጃ አንድ ተራ ቀድሞ ሞት፤ አንድ ተራ ዘግይቶ መዳኛ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የእውቀት ብዛት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው።

ይህ ስሕተት የጀማሪ ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር በኅዳር 2006 በጀርመን በቦን ከተማ የሆነውን ያስታውስ። የጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ቭላዲሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጋር ባደረገው ሁለተኛ ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት ሳያይ ንግሥቱን ወደ ሌላ ስፍራ አንቀሳቀሰ፤ ተሸነፈም። ሻምፒዮኑ ማት ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የገዛ ሐሳቡ ስለ ያዘው ነው። ሰው የራሱን እቅድ ሲከተል የሌላውን መጠየቅ ይረሳል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅን ልማድ ማድረግ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ተጋጣሚዬ አሁን ያደረገው እርምጃ ምን ያስፈራራል? ምንስ ጥሎ ሄደ?

ሁለተኛ፤ እኔ ልሰጠው የምችለው ቼክ፤ ልበላው የምችለው ጠጠር፤ ላደርስበት የምችለው ማስፈራሪያ ምን አለ?

ሦስተኛ፤ ያሰብሁትን ባደርግ እርሱ በቼክ ወይም በመብላት ምን ይመልስልኛል?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚረሳው ነው፤ ምክንያቱም የሚጠየቀው ሰውየው ጥሩ እርምጃ አገኘሁ ብሎ እጁ ወደ ሰሌዳው በተዘረጋበት ሰዓት ነው። ስለዚህ እርምጃው ከተመረጠ በኋላ እጅን ከሰሌዳው አርቆ አንድ ጊዜ ማየት መልካም ነው። ልማዱ እስኪጸና ድረስ አሰልቺ ይሆናል፤ ከጸና በኋላ ግን ያለ ድካም ይሠራል።

ከዚህ ላይ ስለ ፈጣን ጨዋታ አንድ ቃል መናገር ይገባል። ለእያንዳንዱ ወገን አምስት ደቂቃ ብቻ የሚሰጥበት ጨዋታ አስደሳች ነው፤ በአንድ ማታ ዐሥር ጊዜ መጫወት ይቻላል። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ሦስቱን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጊዜ የለም። ሰው የሚለማመደው የሚያደርገውን ነው፤ ሳያይ ማንቀሳቀስን በየማታው ዐሥር ጊዜ የሚለማመድ ሰው ሳያይ ማንቀሳቀስን ይችልበታል። ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚሰጥ ጨዋታ ይምረጥ።

4. የተሸነፉበትን ጨዋታ መመርመር

ከሽንፈት በኋላ የሰው ልማድ ጠጠሮቹን ቶሎ ደርድሮ «አንድ ጊዜ እንድገም» ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ስለ ተናደደ ነው፤ ቊስሉን በሌላ ጨዋታ ሊሸፍነው ይፈልጋል። ከሽንፈቱ የሚገኘው ትምህርት ግን በዚያው ይጠፋል። ብዙ ዓመት ተጫውተው በአንድ ቦታ የቆሙ ሰዎች ይህን የማድረግ ልማድ ያላቸው ናቸው።

መድኃኒቱ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ጨዋታው በሚካሄድበት ጊዜ እርምጃዎቹ በደብተር ይመዝገቡ። በማግሥቱ፤ ቊጣው ሲበርድ፤ ጨዋታውን ብቻን ሆኖ በሰሌዳ ላይ መድገምና ነገሩ የተበላሸበትን እርምጃ መፈለግ ይገባል። ከተገኘ በኋላ ስሕተቱ ከሚከተሉት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ይጻፍ፦

(ሀ) የተጋጣሚን ማስፈራሪያ ፈጽሞ አለማየት፤
(ለ) አይቶ በስሌት መሳሳት፤
(ሐ) ምን እንደሚደረግ አጥቶ ያለ ዓላማ ማንቀሳቀስ፤
(መ) በጥቂት ጠጠሮች የሚካሄደውን የመጨረሻ ክፍል አለማወቅ፤
(ሠ) ጊዜን አለመቈጠብ።

ዐሥር ጨዋታ ያህል እንዲህ ከተመረመረ በኋላ ደብተሩ ራሱ አስተማሪ ይሆናል። አብዛኛው ስሕተት በ(ሀ) ሥር ከወደቀ ሰውየው የመክፈቻ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ከላይ የተነገሩትን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ነው። በ(መ) ሥር ከወደቀ ደግሞ ብዙ ሰዓት ታግሎ ያገኘውን ብልጫ በመጨረሻ እየጣለ ነውና የሚያጠናውን ያውቃል። ያለዚህ ምርመራ የሚደረግ ጥናት ሁሉ በሽታው ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የሚሠሩ የቼዝ ፕሮግራሞች ከማንኛውም ሰው የበለጠ ይጫወታሉ፤ በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ካሸነፈ ወዲህ ይህ የማያከራክር እየሆነ ሄዷል። ፕሮግራሙ ስሕተቱን ወዲያው ስለሚያሳይ ታላቅ ረዳት ነው። አደጋውም ከዚሁ ላይ ነው። ተማሪው ሳይፈልግ የተሰጠውን መልስ «አዎን፤ ይኼ ነበር» ብሎ ያልፈዋል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ አስቀድሞ የራሱን ፍርድ በደብተሩ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ይጠይቅ፤ የሁለቱ ፍርድ የሚለያይበት ቦታ የትምህርቱ ቦታ ነው።

5. የጥቃት ዐይነቶችን መለማመድ

በሁለተኛው ክፍል የተጠቀሰው የ«ንባብ» ችሎታ የሚገነባው ደጋግመው የሚመጡ የጥቃት ዐይነቶችን በማወቅ ነው። ከነዚህ ሁለቱን ብቻ ለምሳሌ እንጥቀስ። አንደኛው መንታ ጥቃት ነው። የነጭ ፈረስ በሐ7 ሲያርፍ በሠ8 ያለውን ንጉሥና በሀ8 ያለውን ግንብ በአንድ ጊዜ ያጠቃል፤ ንጉሡ መሸሽ ስላለበት ግንቡ ይበላል። ሁለተኛው ማሰር ነው። የነጭ ጳጳስ በለ5፤ የጥቁር ፈረስ በሐ6፤ የጥቁር ንጉሥ በሠ8 ሲሆኑ፤ በመካከል ያለው መ7 ባዶ ከሆነ ፈረሱ ከቦታው ሊነቃነቅ አይችልም፤ ቢነቃነቅ ንጉሡ ይጋለጣልና።

እነዚህን የሚያለማምዱ የተዘጋጁ ጥያቄዎች በመጻሕፍትም በስልክም ሞልተዋል። አጠቃቀማቸው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መልሱን በመገመት ጠጠር መንካት ጥቅም የለውም፤ የተጋጣሚው መልስ ሁሉ በሐሳብ ከታየ በኋላ ነው መወሰን የሚገባው። በተጨማሪም ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ለይቶ አስቀምጦ ከሳምንት በኋላ እንደ ገና መሞከር ይገባል። አንድ ጊዜ የታየ ነገር ይረሳል፤ እየቈየ የተደጋገመ ግን ይጸናል።

6. ከመጨረሻው መጀመር

ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የኩባው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ በ1921 ባሳተመው የቼዝ መሠረታውያን መጽሐፍ ትምህርቱን የሚጀምረው ከመክፈቻ ሳይሆን ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ከቀሩበት ሁኔታ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሠላሳ ሁለት ጠጠሮች ባሉበት ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን ኀይል መለየት ያስቸግራል፤ ሦስት ሲቀሩ ግን ይገለጣል።

አንድ ምሳሌ ይበቃል። የነጭ ንጉሥ በሠ4፤ ወታደሩ በሠ3፤ የጥቁር ንጉሥ በሠ6 ይቁሙ፤ ሌላ ምንም የለም። ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል። ጥቁር መንገድ ለመልቀቅ ይገደዳል፤ ወደ መ6 ቢሄድ ነጭ በረ5 በኩል፤ ወደ ረ6 ቢሄድ ነጭ በመ5 በኩል ያልፋል፤ ወታደሩንም እየመራ ስምንተኛው ረድፍ አድርሶ ንግሥት ያደርገዋል። ተራው የነጭ ከሆነ ግን ጥቁር በትክክል እስከ መለሰ ድረስ ጨዋታው አቻ ይሆናል፤ ነጭ ወደ መ4 ሲሄድ ጥቁር ወደ መ6፤ ወደ ረ4 ሲሄድ ወደ ረ6 እየሄደ ይገጥመዋል። ጠጠሮቹ በአንድ ስፍራ ቆመው ድልና አቻን የሚለየው የተራ ጉዳይ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ወታደር ብልጫ ይዞ ለምን እንዳላሸነፈ ሲገርመው ይኖራል፤ የሚያውቀው ግን ጠጠሮችን ከመለዋወጡ በፊት መጨረሻው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያያል።

ለመዝናኛ ለሚጫወት ሰው መጀመሪያ የሚበቃው ጥቂት ነው፤ በንግሥትና በንጉሥ፤ በግንብና በንጉሥ ማት ማድረግ፤ ከላይ የተገለጸው የወታደር ጨዋታ፤ ከዚያም በግንብና በወታደር የሚደረጉት ዋና ዋናዎቹ።

ስለ መክፈቻ የሚባለውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ተማሪ ዐሥራ አምስት እርምጃ በቃሉ ይይዛል፤ ተጋጣሚው በአራተኛው ላይ ከመጽሐፉ ሲወጣ ግራ ይጋባል። ከቃል ይልቅ ምክንያቱን መያዝ ይሻላል። የሰሌዳውን መካከል በወታደር መያዝ፤ ፈረሶችንና ጳጳሶችን ፈጥኖ ማውጣት፤ አንዱን ጠጠር ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ አለማንቀሳቀስ፤ ንጉሡን በጊዜ ወደ ዳር አስጠልሎ ግንቡን ወደ መካከል ማምጣት። እንደ ወረራ ዘመን ተጫዋቾች የተጋጣሚን አሰላለፍ እያዩ መሰለፍ ከዚህ ይጀምራል።

7. ስለ ጊዜ አከፋፈልና ስለ መለኪያ

ተማሪ ለጨዋታ የሚያውለው ጊዜ ጥቂት ነው፤ መሆንም ይገባዋል። በሳምንት አራት ሰዓት ላለው ሰው የሚከተለውን ክፍፍል እናቀርባለን። በአራት ቀን በየቀኑ 15 ደቂቃ የጥቃት ጥያቄዎችን መፍታት፤ ይህ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ዝግ ያለ ጨዋታ መጫወት፤ ይህ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ያንኑ ጨዋታ በማግሥቱ መመርመር፤ አንድ ሰዓት። የቀረው ግማሽ ሰዓት ለመጨረሻ ክፍል ጥናት ይሁን። ይህን የሚያነብ ሰው «ጨዋታው አንድ ብቻ?» ብሎ ቅር ይለው ይሆናል። አንድ የተመረመረ ጨዋታ ከዐሥር ካልተመረመሩ ይበልጣል ማለት ነው መልሱ።

እድገትን በአንድ ማታ ውጤት መለካትም ትክክል አይደለም። የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ከ1970 ጀምሮ በሚሠራበት በአርፓድ ኢሎ የነጥብ አቈጣጠር መሠረት በ100 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከመቶ 64 ያህል፤ በ200 ነጥብ የሚበልጥ ከመቶ 76 ያህል ውጤት እንዲያገኝ ይጠበቃል። ይህም ማለት በ200 ነጥብ የሚያንሰው ሰው እንኳ ከውጤቱ ሩቡን ያህል ያገኛል። እንግዲህ አንድ ቀን ማሸነፍ መሻሻልን አያረጋግጥም፤ አንድ ቀን መሸነፍም አያፈርሰውም። የተሻለው መለኪያ ደብተሩ ነው፤ በ(ሀ) ሥር የሚጻፉት ስሕተቶች ከወር ወደ ወር እየቀነሱ ከሄዱ፤ ውጤቱ ቢዘገይም ሰውየው እየተሻሻለ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለውን ስንጠቀልለው፤ የቼዝ ችሎታ በአብዛኛው የተከማቸ የማየት ልማድ ነው፤ ይህም ልማድ በብዙ ጨዋታ ብቻ አይገኝም፤ ስሕተትን ለይቶ በማረም ይገኛል። ተሰጥኦ የሰዎችን ፍጥነት ይለያይ ይሆናል፤ ነገር ግን የተሸነፈበትን ጨዋታ አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ ያላየ ሰው ተሰጥኦ እንደሌለው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ገና አልሞከረውምና።

የተሸነፉበትን ጨዋታ በማግሥቱ መክፈት ደስ የማይል ሥራ ነው። በቀይ ቀለም የተሞላ የፈተና ወረቀት ተቀብሎ ነጥቡን ብቻ አይቶ ወደ ቦርሳ የመክተት ልማድም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ሁለቱንም የሚያሸንፍ ሰው ያው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ከራት በኋላ በሰሌዳው ዙሪያ የምንሰበሰብ ሁሉ ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ከጐናችን እንድናኖር በትሕትና እናሳስባለን።